ድምፅ ያጣ ሕመምተኛ የትንፋሹን ነገር እንዴት ይናገር

መናገር የተሳነው ሰው ከሳሽ ወይም ምስክር ሆኖ ወደ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፥ ዳኛው «ይህ ሰው አፍ የለውምና ቃሉ አይጻፍ» ብሎ አይመልሰውም። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ይመጣል፤ የመጣውም ሰው በእውነት ሊያስተረጉም ይምላል፤ ጸሐፊውም የምስክሩ እጅና ዐይን የተናገረውን በቀለም ያሰፍራል። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ በቈየሁበት ዘመን ይህን ሥርዓት ደጋግሜ አይቻለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ባለጉዳዩንም ችሎቱንም ያደክማል፤ ቢሆንም ማንም ሰው ትርፍ ድካም ነው ሲል አልሰማሁም። ይህ ሥርዓት በአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሲጐድል ባየሁ ጊዜ ነገሩን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ልጽፈው አሰብሁ።

ሕመምተኛው የአክስቴ ልጅ ነው። አገሩ መርሳ ነው፤ በሐብሩ ወረዳ በመስኖ የሚለማ የብርቱካንና የማንጎ አትክልት አለው። አስቀድሞ ሆዱን ጥቂት ቀን አሞት ድኖ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የእግሩ ጣቶች ደነዘዙ፤ በማግሥቱ ጉልበቱ ከዳው፤ በአራተኛው ቀን የውኃ ብርጭቆ ማንሣት አቃተው። ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ ወደ ወልድያ ወሰዱት። ከዚያ የገዛ አገሩን መርሳን በመኪና ውስጥ ተኝቶ እንደ ገና አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ደሴ፥ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሚስቱ ሕፃናቱን ይዛ መርሳ ስለ ቀረች፥ በየማታው በስልክ «ዛሬስ ተነፈሰ ወይ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ጊላን ባሬ አሉት። ስሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ስለዚሁ በሽታ ከጻፉት ከፈረንሳውያን ሐኪሞች የተወሰደ ነው። የሰው ሰውነት ተባይን ለመከላከል ያሰለፈው ዘብ አቅጣጫውን ስቶ የገዛ ነርቮቹን ሲወጋ ይህ በሽታ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይድናል። ዳሩ ግን ከአራቱ ሕመምተኞች ለአንዱ ያህል ድካሙ ከእግር ተነሥቶ እስከ ደረት ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ነርቮቹ እስኪጠገኑ ድረስ ሐኪሞች ቬንቲሌተር የሚሉት የመተንፈሻ መኪና ስለ እርሱ ይተነፍሳል። የእኛም ሰው ዕድሉ ይኸው ሆነ።

የመኪናው ቱቦ በመጀመሪያ በአፍ በኩል ይገባል። ነገር ግን ብዙ ቀን ሲቈይ ከንፈርንና ማንቁርትን ያቈስላል፤ ሕመምተኛውም ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ካልተሰጠው አይታገሠውም። ስለዚህ መኪናው ለብዙ ሳምንት እንደሚያስፈልግ በታወቀ ጊዜ፥ ሐኪሙ ከማንቁርት በታች አንገቱን በጥቂቱ ሰንጥቆ አጭር ጎባጣ ቱቦ በአየር ቧንቧው ውስጥ ያኖራል። ይህ ሥራ ትራኪዮስቶሚ ይባላል። ለሕመምተኛው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ አፉ ነጻ ይሆናል፤ እንቅልፍ ሳይጫነው ነቅቶ ሊቈይ ይችላል። የሚያጣው ነገር ድምፁን ነው። ድምፅ የሚፈጠረው ትንፋሽ ከሳምባ ወጥቶ በማንቁርት ውስጥ ሲያልፍ ሲሆን፥ ቱቦው ከዚያ በታች ነው፤ በቱቦው ዙሪያም አየር እንዳያመልጥ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይሰማም።

መኪናው በሰው ዘንድ እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ማስታወስ ይገባል፤ ታሪኩ ራሱ የመታፈን ታሪክ ነውና። በንጉሦች መጽሐፍ ነቢዩ ኤልሳዕ የሱነማዊቱን ልጅ አፉን በአፉ ላይ አድርጎ እንዳስነሣው እናነባለን። በ1543 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድሬያስ ቬሳሊዩስ የተባለ ሊቅ በእሪያ የአየር ቧንቧ ውስጥ መቃ አግብቶ እፍ ቢልበት ሳምባው ሲነሣና ልቡ ሲበረታ አየ። ከዚህ በኋላ አራት መቶ ዓመት አለፈ። በ1944 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ የሚያመጣው ፖሊዮ ተነሣ። ብሌግዳም ወደሚባለው ሆስፒታል ትንፋሻቸው የደከመ ሕፃናትና ጐልማሶች ይጐርፉ ጀመር። በዚያን ጊዜ የነበረው መኪና ደረትን ከውጭ የሚስብ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርሱ ከታከሙት 31 ሰዎች 27ቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ።

ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም. ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም አንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ስትታፈን አገኛት። አንገቷን አስከፍቶ ቱቦ አስገባ። ልጅቱ ግን በጭንቀት እየታገለች አየሩን አልቀበል አለች፤ ሌሎቹም ሐኪሞች ነገሩ አበቃ ብለው ከክፍሉ መውጣት ጀመሩ። እርሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥቶ ትግሉን ካሳረፈ በኋላ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አየር በሳምባዋ ሞላ፤ ልጅቱም ተረፈች። በዚያው ወራት 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሌትና ቀን በፈረቃ እየተቀመጡ ከረጢት በእጃቸው ጨመቁ፤ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቀን 70 ሕመምተኛ በእጅ ይተነፍስ ነበር። የሞቱም ብዛት እጅግ ቀነሰ። ዛሬ በየአገሩ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ የተወለደ ነው ይባላል።

የእነዚያ ተማሪዎች ነገር ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል። ከረጢቱን የሚጨምቀው ሰው የሕመምተኛውን ፊት እያየ ነበር የሚጨምቀው። ዛሬ መኪናው ከሰው እጅ ይልቅ ትክክል ነው፤ አይደክምም፤ አይተኛም፤ ነገር ግን ፊት አያይም።

እነሆ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሕመምተኛው ሲሻለው ከመኪናው መለየት አለበት። ፈረንጆች ይህን ሥራ የሚጠሩት ጡት ማስጣል በሚል ቃል ነው፤ ቃሉም ለዚህ ገጽ የተገባ ነው። እናት ጡቷን መራራ ቀብታ ልጇን ስታስጥል የልጁ ልቅሶ ለጥቂት ቀን ቤቱን ይረብሻል፤ ልቅሶው ግን ይሰማል። ከመኪና የሚለየው ሰው ልቅሶው አይሰማም፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

በእነዚያ ሰዓታት ዋናው ስቃይ የትንፋሽ ማጠር ነው። በግእዝ ነፍስ፥ ነፋስና እስትንፋስ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ትንፋሹ ያጠረው ሰው ነፍሴ ልትወጣ ነው ቢል ቃል ማብዛቱ አይደለም። ትንፋሽ ማጠርም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወስደውን የድልብን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ይህ የሥራ ድካም ነው፤ ቆም ቢል እንደሚያርፍ ስለሚያውቅ አይፈራም። አስም ያለበት ሰው ደረቴ ጠበበኝ ይላል። ሦስተኛው የአየር ረኃብ ነው፤ ውኃ ውስጥ ጠልቆ መውጫ ያጣ ሰው የሚሰማው ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይኸው ሲሆን ማረፊያ የለውም። ሐኪሞችም በጥያቄአቸው እነዚህን ሦስቱን ይለያሉ፤ መድኃኒታቸው ልዩ ልዩ ነውና።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በደረትና በሆድ መካከል ያለው ድያፍራም የሚባለው ዋና የትንፋሽ ጡንቻ፥ መኪናው ሥራውን ሁሉ ሲሠራለት ፈጥኖ ይከሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፥ ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ፍጹም ያረፈ ድያፍራም የጡንቻው ክሮች ውፍረት ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ለሳምንታት ያረፈው እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ይገምት። በዚህ ላይ ቱቦው ጠባብ ነው፤ አክታ ይሞላዋል፤ ልብ ከደከመ ሳምባ ውኃ ይቋጥራል፤ ትኩሳትም ካለ ሰውነት ብዙ አየር ይጠይቃል።

የሕመምተኛው አስታማሚዎች የሚሳሳቱበት፥ አልፎ አልፎም ባለሙያዎቹ የሚሳሳቱበት ነገር ቁጥሩ ነው። በጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል፤ መታፈንን ግን አይለካም። አእምሮ ለትንፋሽ ጡንቻዎች ትእዛዝ ይልካል፤ ከደረትና ከሳምባም ትእዛዙ እንደ ተፈጸመ መልስ ይጠብቃል። የተላከው ትእዛዝ ብዙ፥ የተመለሰው መልስ ጥቂት ሲሆን፥ በደምም ውስጥ የተቃጠለው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ፥ ሰውየው ይታፈናል፤ በዚህም ጊዜ የኦክስጅኑ ቁጥር ደኅና ሊሆን ይችላል። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ሐኪሞች በመኪና የሚተነፍሱ 96 ሕመምተኞችን ቢጠይቁ፥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ትንፋሽ እንዳጠራቸው መለሱ። ከዚያም በኋላ የወጡ ምርመራዎች፥ ሐኪሞችና ነርሶች የሕመምተኛውን የትንፋሽ ማጠር እርሱ ከሚሰማው ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ሐኪሞቹ ባሉበት፥ መሣሪያውም በሞላበት አገር ነው።

መለየቱ በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንደኛው የመኪናውን እርዳታ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው። ሁለተኛው ሕመምተኛውን ለተወሰነ ሰዓት ፈጽሞ ከመኪናው ለይቶ፥ በአንገቱ ቱቦ ፊት እርጥብ አየርና ኦክስጅን የሚሰጥ ልባስ ብቻ አድርጎ በራሱ እንዲተነፍስ መተው፥ ማታ ግን ወደ መኪናው መልሶ ማሳረፍ ነው። አማል ጁብራንና ማርቲን ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋራ በቺካጎ አጠገብ ከ300 በላይ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው ሁለቱን መንገዶች አመዛዘኑ። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፥ ፈጽሞ የሚለየው መንገድ በመካከለኛ ቁጥር 15 ቀን፥ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው 19 ቀን ፈጀ። አንዱም ምክንያት፥ መኪናው ሲረዳ የሰውየው የራሱ ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ አይታይም፤ ሲለይ ግን ሐኪሙ በዐይኑ ያየዋል ይላሉ። እንግዲህ የሕመምተኛው ጭንቅ ገኖ የሚታየው በዚሁ በተሻለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ነው አስታማሚው ማወቅ የሚገባው።

የአክስቴን ልጅ ከመኪናው በለዩት በሦስተኛው ቀን ከአልጋው አጠገብ ነበርሁ። ጧት ሦስት ሰዓት ተለየ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግንባሩ አላበው፤ ዐይኑን ወደ እኛና ወደ አንገቱ ያመላልስ ጀመር፤ እጁን ማንሣት ገና አይችልም። ወንድሙ «አይዞህ» አለው። አክስቴ አማተበችበት። ነርሷ ብዙ ሕመምተኛ በእጅዋ የነበረ ሴት ናት፤ መጥታ ቁጥሩን አየች፤ 94 ይላል። «ቁጥሩ ደኅና ነው፤ ፈርቶ ነው» ብላ ሄደች። እኔም ራሴ ልቤ በዚህ አረፈ፤ አልዋሽም። ሰውየው ግን ዐይኑን ጨፍኖ ከፈተ፤ ጨፍኖ ከፈተ፤ እንባውም ወረደ።

በዚያን ጊዜ የእኅቱ ልጅ፥ የ16 ዓመት ተማሪ፥ ከከረጢቷ የፊደል ገበታ አወጣች። ከመንገድ ዳር የሚሸጠው፥ ልጆች ሀ ሁ የሚቈጥሩበት ነው። ትናንት ገዝታ ለዚሁ አስባው ነበር። የእኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት በሰባት ተከፍሎ 231 ነው፤ አንድ በአንድ እያሳዩ መጠየቅ ሕመምተኛውን ይገድለዋል። እርስዋ ያደረገችው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጣቷን በግእዙ ረድፍ ከሀ ጀምራ ወደ ታች ታወርዳለች፤ የፈለገው ቤት ሲደርስ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያም ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሳልስ እያለች ወደ ጐን ትቈጥራለች፤ እንደ ገና ይጨፍናል። በመጀመሪያ አሥራ ስድስተኛው ቤት ላይ ጨፈነ፤ ግእዙ ላይ ደገመ፤ አ ሆነ። ቀጥሎ ከ፥ በሳድሱ፤ ክ። ቀጥሎ ተ፥ በራብዑ፤ ታ። ሦስቱን ፊደል ለማግኘት ጣቷን 55 ጊዜ አንቀሳቀሰች፤ ጊዜው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ቃሉ «አክታ» ነበር።

ነርሷ ተጠርታ መጣች። በቀጭኑ ቱቦ አንዴ መጠጠች፤ ምንም አልወጣም። የውስጡን ቱቦ አውጥታ ባየችው ጊዜ ግን የባቄላ ፍሬ የሚያህል የደረቀ አክታ መንገዱን ዘግቶ አገኘችው። አጽድታ ስትመልሰው የሰውየው ትከሻ ወረደ፤ ፊቱም ተፈታ። ቁጥሩ ከ94 ወደ 96 ብቻ ነበር ከፍ ያለው። ነርሷም ለእርሱ ጐንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ገበታው ከአልጋው ራስጌ እንዲሰቀል ያዘዘች እርስዋ ናት።

አክታው ስለምን እንዲህ እንደሚደርቅ ማወቅ ይጠቅማል። አፍንጫ አየርን ያሞቃል፤ ያረጥባል፤ አቧራውንም ያጣራል። በአንገቱ የሚተነፍስ ሰው ግን አፍንጫውን አልፎታልና ደረቁ አየር ቀጥታ ይገባል። ስለዚህ በቱቦው አፍ ላይ ሰው ሠራሽ አፍንጫ የሚባል ትንሽ ማርጠቢያ ይደረጋል፤ ወይም አየሩ በውኃ ተረጥቦ ይሰጣል፤ ይህ ሲጐድል አክታው ይጠጥራል። አስታማሚው ልባሱ መኖሩን፥ የውኃውም ዕቃ ባዶ አለመሆኑን ቢመለከት ሥራው ነው እንጂ መግባቱ አይደለም።

ክቡራን አንባቢዎች፥ ምንም መድኃኒት ሳይጨመር ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚችል ሌላም ነገር አለ። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ለሕመምተኛው በምን ሰዓት ተጀምሮ በምን ሰዓት እንደሚያበቃ ይነገረው፤ «እስከ ስድስት ሰዓት ነው» የተባለ ሰው መጨረሻ የሌለው መስሎት አይጨነቅም፤ ሰዓትም በሚያይበት ግድግዳ ላይ ይሰቀልለት። የአልጋው ራስጌ ከፍ ይበል። ፊቱን በማራገቢያ ማራገብ የትንፋሽ ማጠርን ስሜት እንደሚያቃልል በሌሎች የሳምባ ሕመምተኞች ተፈትኖ ታውቋል፤ ቀዝቃዛው ነፋስ የሚነካው የፊት ነርቭ ለአእምሮ አየር አለ ብሎ ስለሚነግረው ነው። ከዚህ የተነሣ አያቶቻችን ለሚያጣጥር ሰው የሚያራግቡት በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ማራገቢያው ወደ ጉንጭና ወደ አፍንጫ እንጂ ወደ አንገቱ ቱቦ አይሁን። ጠያቂም አይብዛ። እኛ አገር አልጋ ዙሪያ ሃያ ሰው ቆሞ ሁሉም በየተራ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ፍቅሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ለመመለስ የማይችል ሰው ለሃያው ሁሉ ፊቱን ሲያበራ ይደክማል። ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ለአየር ረኃብ በጥቂት ልክ ሞርፊን ያዛሉ፤ ይህ ግን የሐኪም ብቻ ሥራ ነው።

ጥያቄውም አጭር ይሁን። «ትንፋሽህ አጥሯል?» ብሎ አዎን ወይም አይደለም ማሰኘት፤ አዎን ካለ «አየር አነሰህ? ደከመህ? ደረትህ ጠበበህ?» ብሎ መለየት፤ ከዚያም ከአንድ እስከ አሥር በጣት እየቈጠሩ ልኩን መጠየቅ ይበቃል። መልሱንም ከነሰዓቱ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ሐኪሙ ሲመጣ ያ ወረቀት እንደ ምስክር ቃል ይነበብለት። ድንገት የመጣ መታፈን፥ የከንፈር መጥቈር፥ ከቱቦው የሚወጣ ፉጨት፥ ወይም ቱቦው ከቦታው መናወጥ ሲታይ ግን ጥያቄ የለም፤ ነርስ በጩኸት ይጠራ።

አንዱን ቀን መቻል ሲያቅተው ወደ መኪናው ቢመለስ ሽንፈት አይደለም። የእኛ ሰው በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ሆኖት ተመለሰ፤ በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ ፈጽሞ አሳረፈው፤ በሰባተኛው ስድስት ሰዓት ቈየ። የደከመን ጡንቻ ያለ ዕረፍት ማሠራት የተጋጠጠ ጀርባ ባለው በቅሎ ላይ እንደ ገና መጫን ነው። ሚስቱ በስልክ በአምስተኛው ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ ባሰብሁ ጊዜ ግን፥ ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። እኔም አልነገርኋትም።

ድምፅን የሚመልስ ብልሃትም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዴቪድ ሙር የተባለ አሜሪካዊ፥ ጡንቻን በሚያከሳ በሽታ የተያዘና ራሱ በመኪና የሚተነፍስ ወጣት፥ አየር በቱቦው እንዲገባ እንጂ እንዳይወጣ የሚያደርግ ትንሽ መዝጊያ ፈለሰፈ። ትንፋሹ በማንቁርት በኩል ለመውጣት ይገደድና ሰውየው ይናገራል። ብልሃቱ ከሕመምተኛ አልጋ ላይ መምጣቱ እጅግ ደስ ያሰኛል። መዝጊያው ከመደረጉ በፊት ግን በቱቦው ዙሪያ ያለው ፊኛ ፈጽሞ መተንፈስ አለበት፤ ፊኛው እንደ ተነፋ ከተዘጋ አየር ይገባል፥ መውጫ ግን የለውም፤ በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። ስለዚህ ማንም አስታማሚ በገዛ እጁ አይንካው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በወልድያና በአካባቢዋ ያለው ችግር ከልቤ አልጠፋም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መግባቱ በተነገረ ጊዜ፥ በአገሩ ሁሉ የነበረው የመተንፈሻ መኪና በጥቂት መቶ የሚቈጠር ብቻ ነበር፤ የኦክስጅን ጠርሙስም ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና ይጓዝ ነበር። ያ ሳያልፍ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ፤ ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነት እጅ ቈየች፤ በአማራ ክልል ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ዕቃቸው ተዘረፈ። የተዘረፈ መኪና በገንዘብ ይተካል። የሠለጠነች ነርስና ማጠጫ ቱቦ ይዛ የምትሮጥ እጅ ግን በአንድ ዓመት አይተኩም። እስከዚያ ድረስ የወልድያና የመርሳ ሰው በሩቅ ከተማ ዘመዱን ያስታምማል፤ ስለዚህ ለአስታማሚው የሚነገረው ነገር ትንሽ አይደለም።

ቱቦው ሳይወጣ ወደ ቤት የሚመለስም ሰው አለ። ለእርሱ ቤቱን ማሰናዳት ያስፈልጋል። የማገዶና የከሰል ጭስ ሳይጣራ ሳምባው ውስጥ ይገባል፤ የቡናው ዕጣንም እንዲሁ፤ ቡናው ይፈላ፥ ዕጣኑ ግን በሌላ ቤት ይጢስ። በቱቦው ላይ ቀጭን ንጹሕ ሻሽ ይሸፈን። ከሁሉ በላይ ውኃ ነው። በአንገቱ ቀዳዳ የሚገባ ውኃ ቀጥታ ሳምባ ይገባል፤ መዋኘትና ራስን ከላይ ማፍሰስ ክልክል ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ጠበል ነው። ሕመምተኛውን ለምስጋና ወደ ጠበል መውሰድ የቤተ ሰብ ምኞት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ሥርዓት ያደግሁ ነኝ፤ ነገር ግን ከራሱ ላይ የሚወርደው ጠበል ሊያሰጥመው ይችላል። ነገሩን ለካህኑ አስቀድሞ ቢነግሩት በእጁና በእግሩ ይረጨዋል፤ የኔ አክስት የጠየቀችው ካህን ሳያመነታ እንዲህ አደረገ። እስላሙም ለውዱእ ሲታጠብ አንገቱን በደረቅ ጨርቅ ጠብቆ ይታጠብ።

የአክስቴ ልጅ በሃያ አንደኛው ቀን ሌትና ቀን ያለ መኪና ተነፈሰ። ቱቦው ወጥቶ ቀዳዳው በራሱ ተገጠመ፤ ከማንቁርቱ በታች የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጠባሳ ቀርቷል። አሁን መርሳ ነው። የብርቱካኑን ቦይ ራሱ ይከፍታል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ሁለት ጊዜ ያርፋል። የፊደል ገበታውን ይዞት ሄዶ ነበር፤ ባለፈው ጥምቀት ቤቱ ብገባ ትንሹ ልጁ በእርሱ ላይ ሀ ሁ ይቈጥራል። ወረቀቱ በአ ቤትና በተ ቤት ላይ ከጣት ብዛት ተልጦ ፊደሉ ስለ ደበዘዘ፥ ልጁ እዚያ ሲደርስ አባቱን ቀና ብሎ ያያል፤ አባቱም በድምፁ ይነግረዋል።